ጁስ፣ ቀሪቦ ወይም የጀበና ቡና ለምትሸጡ፦ አካባቢን የሚጎዱ የጓሮ ስህተቶች

«አካባቢን የማይጎዳ ንግድ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ስትሮ ነው። የላስቲኩን በወረቀት ይለውጣል፣ ግድግዳውን አረንጓዴ ይቀባል፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር ስትሮው ከጉዳዩ ትንሹ ነው። ደሴ ፒያሳም ሥሩ፣ ሰኞ ገበያም፣ ኮምቦልቻም፣ ዋናው ጉዳት ያለው ደንበኛ በማያየው ጓሮ ነው። ከዚያው ልጀምር።

ቅሪቱን ቦይ ውስጥ መድፋት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማታ ሲዘጋ ባልዲው ይነሳል። የማንጎ ልጣጭ፣ የተበላሸ ወተት፣ የተረፈ ጁስ፣ የቡና አተላ፣ ሁሉም አንድ ላይ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ዥው! «ምግብ እኮ ነው፣ መርዝ አይደል» ይባላል። ግን ወተትና ስኳር ወንዝ ሲገቡ ባክቴሪያ ይቀለብባቸዋል። ባክቴሪያው በበዛ ቁጥር ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ያኔ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ውስጡ የነበረውም ሕይወት ይሞታል።

ደሴ ላይ ደግሞ የተደፋ ነገር ሁሉ ቁልቁል ነው የሚሄደው። የቦዩ ውሃ ቦርከናን ይቀላቀላል። ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ አትክልት የሚያጠጣበት ገበሬ አለ። ማታ የደፋችሁት ነገር በቆስጣ በኩል ተመልሶ እናንተው ቤት ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ባልዲ ለዩ። የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ፣ የቀሪቦው ገብስ፣ የጠላውም አተላ ከብት ለሚያደልብ ሰው ይሂድ። ብቻ በዕለቱ ይወሰድ፤ የሻገተ ነገር ከብት ይጎዳል። አቮካዶን ግን እዚህ ባልዲ ውስጥ እንዳትጨምሩ! ልጣጩና ፍሬው ለከብት፣ ለበግና ለፍየል መርዝነት ያለው ነገር ይይዛሉ። እሱ ከቡና አተላ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ አፈርና ደረቅ ቅጠል እየተነሰነሰበት ኮምፖስት ይሁን። ፍሬውን ቀጥቅጡት፤ ሙሉውን ከጣላችሁት ለመበስበስ ዓመት ይፈጅበታል። ቦይ ውስጥ ገብቶ ከደፈነው ደግሞ ክረምት ላይ ጎረቤት ሁሉ ያውቃችኋል።

የወረቀት ኩባያን መፍትሔ ማድረግ

ወረቀት ይመስላል እንጂ አብዛኛው ውስጡ በስስ ላስቲክ የተለበጠ ነው። ባይለበጥማ ትኩስ ቡና አይይዝም። ሲኒና ብርጭቆ እያለን ይሄን መግዛት ለእኔ አይገባኝም። ለስላሳም ከሆነ የጠርሙሱን ሳጥን ምረጡ፤ ተመልሶ ይሞላል። ሃይላንዱን ደግሞ ለቆራሌ ለብቻ አጠራቅሙ።

ቀሪቦ ወደ ቤት የሚወስድ ደንበኛ ፌስታል ከጠየቀ «የለም» በሉት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። የራሱን ጆግ ይዞ ለመጣ ሁለት ብር ቀንሱለት። በሚቀጥለው ሳምንት ጆግ ይዞ የሚመጣው ይበዛል።

ብርጭቆን በክፍት ቧንቧ ማጠብ

ሦስት ሳፋ ይበቃል። አንዱ በሳሙና ማጠቢያ፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ብርጭቆው በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ አትወልውሉት። ውሃው ሲደፈርስ ይቀየር። የማለቅለቂያው ውሃ ወለል ማጠቢያ ይሆናል።

የፈላን ነገር ማፋፋም

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ ከሰል ብትከምሩበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። (ኮምቦልቻ ብትወርዱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ታተርፋላችሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የለም።) የቀሪቦውን ድስት ክደኑት፣ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃም ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል።

ፍሪጁን መርሳት

ቦታ ጠበበ ተብሎ ፍሪጅ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ይቆማል። ያኔ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፣ ቆጣሪውም አብሮት ይሮጣል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲበረታማ ይብሳል። ከግድግዳው ትንሽ አርቁት፣ ጀርባው ላይ የተጋገረውን አቧራ አራግፉ። አንድ የብር ኖት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ አልቋል፤ ይቀየር።