የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የፕሮሰሰር ፋን እንዴት ይቀየራል?

ኮምፒውተርዎ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ሲነሣ የፕሮሰሰሩ ፋን ችግር እንዳለበት ጽፎ ኤፍ1 እንዲጫኑ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠርዎ በፊት ገመዱን ነቅለው የጎን ሽፋኑን ይክፈቱና ፋኑን ይመልከቱ። አንዳንዴ ፋኑ የቆመው ልቅ የሆነ ገመድ ክንፎቹ መካከል ገብቶ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ገመዱን ወደ ጎን ማሰር ይበቃል። ክንፉን በጣት ሲገፉት ከብዶ ወዲያው የሚቆም ወይም የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ውስጡ አልቋል፤ ዘይት ጠብ ማድረግም ለጥቂት ቀን ቢያስታግሰው እንጂ አያድነውም።

ከመግዛትዎ በፊት የማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ዓይነት ይወቁ። በኢንቴል ማሽኖች የኤልጂኤ 1155፣ 1150፣ 1151 እና 1200 ሶኬቶች የፋን ቀዳዳ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ለሌላው ይገባል፤ የድሮው 775 ግን 72፣ ከእነዚህ በኋላ የመጣው 1700 ደግሞ 78 ሚሊ ሜትር ነው። ፋኑ ከሂትሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ከሚበትነው ባለ ብዙ ቅጠል አሉሚኒየም ጋር አንድ ላይ ቢገዛ ይሻላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ መሐሉ መዳብ የሆነውን ሂትሲንክ ካገኙ እርሱን ይምረጡ።

ሥራውን ሲጀምሩ ገመዱ እንደተነቀለ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፤ ኬዙን በጎኑ አስተኝተውም ብረቱን በእጅዎ ይንኩ። የፋኑን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ከነቀሉ በኋላ አራቱን የፕላስቲክ እግሮች እያንዳንዳቸውን በላያቸው በተቀረጸው ቀስት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይሳቡ። ሂትሲንኩ ተጣብቆ እምቢ ቢል በጉልበት አይንቀሉት፤ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዙ ያላቅቁት። በተለይ የኤኤምዲ ኤኤም4 ማሽን ከሆነ መርፌዎቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ፣ የፕሮሰሰሩ መያዣ ዘንግ ተቆልፎም ፕሮሰሰሩ ከሂትሲንኩ ጋር ተነቅሎ ሊመጣና መርፌዎቹ ሊጣመሙ ይችላሉ።

በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ፣ በብረቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ይጥረጉ። አዲሱ ሂትሲንክ ከሥሩ ግራጫ ፔስት ተቀብቶ የመጣ ከሆነ አይንኩት፣ አይጨምሩበትም፤ ከሌለው የአንድ አተር ፍሬ ያህል መሐል ላይ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ብዙ መቀባት የተሻለ ያቀዘቅዛል ብለው የሚያምኑ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ፔስቱ ግን ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው።

አሁን የሚያስቸግረው ቦታ ደረስን። እግሮቹን ከቀስቱ በተቃራኒ አዙረው ወደ መነሻቸው ይመልሱ፣ ከቀዳዳዎቹ ጋር ያስተካክሉ፣ ከዚያ በሰያፍ የሚገኙትን ሁለቱን በአንድነት፣ ቀጥሎም የቀሩትን ሁለቱን፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ይጫኑ። ድምፁን ብቻ አይመኑ። እኔ አንድ ጊዜ የሰማሁት የሦስቱን ብቻ ኖሮ፣ አራተኛው እግር በግማሹ ቀርቶ ሂትሲንኩ ፀጉር በምታክል ክፍተት ተነሥቶ ነበርና ማሽኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ጀርባ በስልክ መብራት አይተው አራቱም የፕላስቲክ ጫፎች ሙሉ በሙሉ መውጣታቸውን ያረጋግጡ።

ባለ አራት ሽቦውን ሶኬት ሲፒዩ ፋን ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ይሰኩ። ሦስተኛው ሽቦ ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ የሚነግር ስለሆነ ሌላ ቦታ ከተሰካ የስሕተቱ ጽሑፍ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሽፋኑን ሳይዘጉ ያብሩትና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው ሙቀቱን ለአሥር ደቂቃ ይከታተሉ፤ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከረጋ ሽፋኑን ይግጠሙ፣ ምንም ሳይሠራ ወደ 80 የሚወጣ ከሆነ ግን አጥፍተው እግሮቹን እንደገና ይመርምሩ።