ስለ «ሎስት» ሳይኮራረፉ እንዴት መከራከር ይቻላል?

«ሎስት» ከአውሮፕላን አደጋ ተርፈው አንድ ምስጢራዊ ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚተርክ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። እሱን የጨረሰ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስለ መጨረሻው ሲወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሌላው «ስድስት ሲዝን ሙሉ ጊዜዬን በሉኝ» ይላል። ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ቡናው ሳይፈላ ነገር ይፈላል።

እኔ ከወዳጆቹ ወገን ነኝ፤ ቀድሜ ልናገር። በዚህ ፊልም የተነሳ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን እናውቃለን። በኋላ ስናስበው፣ የተከራከርነው በአንድ ጉዳይ ላይ እንኳ አልነበረም። እሱ «ምኑም አልተመለሰም» ይላል፤ እኔ «አስለቅሶኛል» እላለሁ። ሁለቱም እኮ እውነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ነው ለክርክሩ ሥርዓት ያበጀንለት። ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

መጀመሪያ፦ ማን እስከ የት እንዳየ ጠይቁ

ይቺ ተራ ጥያቄ ግማሹን ጠብ ትገላግላለች። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በኤቢሲ ጣቢያ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 ነው። ሲዝን 3 ላይ ሰልችቶት የተወው ሰው ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። ያኔ ጸሐፊዎቹ ታሪኩ መቼ እንደሚያልቅ ስለማያውቁ ነገሩን ይጎትቱት ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጃክ ታይላንድ ሄዶ ስለተነቀሰው ንቅሳት አንድ ሙሉ ክፍል ሠርተዋል! ጣቢያው በሜይ 2007 የማብቂያውን ጊዜ ቆርጦ ከነገራቸው በኋላ ነው ታሪኩ እግር ያወጣው። ስለዚህ እዚያ ላይ የተወ ሰው «አሰልቺ ነው» ቢል መብቱ ነው። ስለ መጨረሻው ግን ድምፅ የለውም፤ ቡና ይቅዳ።

ቀጥሎ፦ «ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር» የሚለውን ዝጉ

አንድ ሰው ይህን ማለቱ አይቀርም። አትመልሱለት፤ የመጨረሻውን ክፍል ክፈቱ። ጃክ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የአባቱን የሬሳ ሳጥን ሲከፍት ባዶ ነው። ዞር ሲል አባቱ ቆሟል። ከዚያ የሚነጋገሩትን አንድ በአንድ ስሙ። አባትየው የሚለው ግልጽ ነው፦ የደረሰብህ ሁሉ እውነት ነው፤ እዚህ ካሉት አንዳንዶቹ ካንተ በፊት፣ አንዳንዶቹ ካንተ በኋላ ብዙ ኖረው ሞተዋል። ማለትም የአውሮፕላኑ አደጋ እውነት ነው፣ ደሴቲቱም እውነት ናት። ከሞት በኋላ ያለው በሲዝን 6 ጎን ለጎን ስናየው የነበረው ሌላው ሕይወት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ተሳሳተ? ጥፋቱ የተመልካቹ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ፣ የሠሪዎቹ ስም በሚወርድበት ላይ ባዶ የባሕር ዳርቻ ላይ የተበተነ የአውሮፕላን ስብርባሪ ይታይ ነበር። ሰው አንድም አይታይም። ያየ ሁሉ «አሃ፣ ለካ ማንም አልተረፈም» አለ። ምስሉን የጨመረው ጣቢያው ነው እንጂ የፊልሙ ጸሐፊዎች አይደሉም።

ከዚያ፦ ወረቀት አምጡና ሦስት ቦታ ክፈሉት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። «ምኑም አልተመለሰም» የሚለው ጓደኛችሁ ጥያቄዎቹን በቃል አይበትን፤ ይጻፍ። አንዱ ረድፍ «ተመልሷል»፣ ሁለተኛው «አልተመለሰም»፣ ሦስተኛው «ተመልሷል ግን አልጣመኝም» ይባል።

የእኛ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የበረዶ ድቡ ነበር። ሞቃት ደሴት ላይ ምን ይሠራል? ጓደኛዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሊጽፈው ሲል እጁን ያዝኩት። ሲዝን 3 ላይ ከአደጋው የተረፉት ሶየርና ኬት የታሰሩበት የብረት ጎጆ የድቦቹ ነበር፤ ዳርማ የተባለው ድርጅት ለምርምር ያመጣቸው ናቸው። ተመልሷል።

ቀጥሎ በፊልሙ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ቁጥሮች መጡ፦ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42። ሲደመሩ 108 ናቸው፤ ደሴቲቱ ላይ ባለው የዳርማ ምድር ቤት ውስጥ ያለው ቁልፍም በየ108 ደቂቃው ነው የሚጫነው። ሲዝን 6 ላይ ዋሻው ግድግዳ ላይ ከሰዎች ስም ጋር ተጽፈው እናገኛቸዋለን፤ 4 ሎክ፣ 23 ሼፈርድ እያለ። ግን ለምን እነዚህ ቁጥሮች? የደሴቲቱ ጠባቂ ጄኮብ ቁጥር ይወዳል ከማለት ያለፈ ነገር አይነግሩንም። ሦስተኛው ረድፍ፣ ያለ ክርክር።

ሦስተኛው ረድፍ ሲሞላ የጠቡ ሥር ይታያል። ፊልሙ የጀመረው እንደ ሳይንስ ፊክሽን ነው፤ ማግኔት፣ ላቦራቶሪ፣ ሕግ ያለው የጊዜ ጉዞ። የጨረሰው ግን ዋሻ ውስጥ በሚበራ ብርሃንና ጉድጓድ በሚደፍን ድንጋይ ነው። ሳይንስ ቃል ተገብቶለት ተረት የተሰጠው ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ለእኔ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ መጨረሻውን ብወደውም መልስ የለኝም።

ዋልት የተባለው ልጅስ? በታሪኩ ውስጥ ያለፈው ጊዜ የወራት ነው፤ ተዋናዩ ግን በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል። ለምን ገሸሽ እንዳደረጉት ይገባኛል። ቢሆንም ስለ ልዩ ችሎታው የተነሳው ጥያቄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቆያል። የቀረጻ ችግርን መረዳት ሌላ፣ ነጥብ መስጠት ሌላ።

በመጨረሻ፦ ቦታ ተለዋወጡ

ወዳጁ አንድ ትዕይንት ይንቀፍ፤ ነቃፊው አንድ ያሞግስ። «ፊልሙ» ማለት ክልክል ነው፤ ትዕይንት ነው የሚጠራው። እኔ የነቀፍኩት ሰዒድን ነው። የሚወዳትን ናድያን ፍለጋ ስንት ዓመት ተንከራትቶ፣ መጨረሻ ላይ ደሴቲቱ ላይ ካፈቀራት ከሻነን ጋር ያገናኙታል። ከሻነን ጋር የቆየው እኮ ጥቂት ሳምንት ነው! ጓደኛዬ በበኩሉ፣ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ፣ ዴዝሞንድ በገና ዋዜማ ለፍቅረኛው ለፔኒ የሚደውልበትን ጠራ። ስልኩ ሲነሳ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር አመነ። ጨዋታው ከዚህ በኋላ ቀለል ይላል።

ወረቀቱን አትጣሉት። የእኛው አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ ነገር አለ፦ «ታንኳዋ»። ሲዝን 5 ላይ ሶየርና ጁልየት ባሕር ላይ ሲቀዝፉ ከኋላ በሌላ ታንኳ የመጡ ሰዎች ይተኩሱባቸዋል። ጁልየት መልሳ ተኩሳ አንዱን ትመታለች። እነማን እንደነበሩ ፊልሙ ሳይነግረን አለቀ። ጓደኛዬ ባለፈው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ «አገኘሁት፣ ማን እንደነበር አገኘሁት» አለኝ። ተነስቼ መብራት አበራሁ።