በግዳጅ ብቸኝነት ወቅት ክርስቲያኖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤም ብዙዎቻችን ከቤተ ክርስቲያን ርቀን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተልን አሳለፍነው። እኔ ከውጭ አገር በመመለሴ የጾሙን መጨረሻ ያሳለፍሁት በለይቶ ማቆያ ክፍል፣ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ እየሰገድሁ ነው። ያን ጊዜ የሠራኋቸውን ስህተቶች ከዚያ ወዲህ በሆስፒታል በተኙና በዐረብ አገር በአሠሪ ቤት በር በተዘጋባቸው ወገኖች ዘንድ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ኀዘንን ከእግዚአብሔር መደበቅ ነው። እንዴት ነህ ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የለመደ አንደበት በጸሎት ጊዜም ያንኑ ብቻ ይደግማል፤ ማማረርን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ነገር ግን በዳዊታችን 87ኛው፣ በሌላው አቈጣጠር 88ኛው መዝሙር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ ወዳጅና ጓደኛ ስለ መራቃቸው እየተናገረ በጨለማ ይፈጸማል እንጂ በምስጋና አይዘጋም። ይህን የመሰለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ከተጻፈ፣ የተዘጋበት ሰው ቃላቱን ተውሶ ማልቀሱ እምነት ማጣት ሊባል አይገባም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ከአቅም በላይ የሆነ የጸሎት ሥርዓት ለራስ መደንገግ ነበር። ጊዜ አለኝ ብዬ 150ውን መዝሙር፣ ማለትም ዐሥር ዐሥር መዝሙር የያዙትን ዐሥራ አምስቱን የዳዊት ክፍሎች (ንጉሥ)፣ በየቀኑ ልደግም፣ 41 ጊዜም ኪርያላይሶን (ጌታ ሆይ ማረን) እያልሁ ልሰግድ ወሰንሁ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ፤ ያልደገምሁት መዝሙር እንደ ዕዳ ተከመረብኝ፤ በክፍሌ ደጃፍ የተቀመጠልኝ ሽሮም እንደ ታሸገ ቀዘቀዘ። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ዳዊቱን አለመጨረሴን ስነግራቸው የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነበር፤ «ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» አሉኝ። ከዚያም ጠዋትና ማታ አቡነ ዘበሰማያት፣ በመካከል አንድ መዝሙር ብቻ እንዳደርስ አዘዙኝ። ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ዳግመኛ ከተኛም በኋላ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። ስብከት ከመስማቱ በፊት እንቅልፍና ምግብ ማግኘቱን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሌላው ስህተት፣ እግዚአብሔር ካለ ሰው አያስፈልገኝም ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት፣ እስረኛ ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ ሳለ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይጠይቃል፤ ከክረምት በፊት እንዲደርስም ይለምነዋል። በበርኖስ፣ በመጽሐፍና በወዳጅ መምጣት መጽናናትን የሻተው፣ ጌታ በአጠገቤ ቆመ ብሎ የመሰከረው ያው ሐዋርያ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ «ጸልዩልኝ» ከማለት ጋር «ማታ ማታ ደውሉልኝ» ማለትም ተገቢ ነው።

ሐኪም ያዘዘውን መለየት ጥሶ መውጣትንም እምነት አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ጌታ ራሱ ከቤተ መቅደስ ጫፍ እንዲወረወር ሲፈተን አምላክህን አትፈታተነው የሚለውን ቃል መልሷል። በአንጻሩ፣ ደጁ ከተከፈተ በኋላ በቴሌቪዥን ቅዳሴ ተወስኖ መቅረትም ስህተት ነው፤ ሥርጭቱ የታመመውን ያጽናናል፣ ሥጋ ወደሙን ግን አያቀብልም።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው በተዘጋበት ሰው ሳይሆን በእኛ ነው። በዐረብ አገር ፓስፖርቷ ተወስዶባት፣ ያለ ዕረፍት ቀን በአሠሪዋ ቤት የምትውል እኅታችን እንደ ምንም ስትደውል «ቻይው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንላታለን። የመኖሪያ ፈቃድን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት የሰው ሥራ ነው፤ በደልን የእግዚአብሔር ፈቃድ ማለት በእርሱ ስም መዋሸት ይመስለኛል። ዮሴፍም በባዕድ አገር ታስሮ፣ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንደ ነበረ እየተጻፈለት፣ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ ነገሬን ለፈርዖን ነግረህ ከዚህ ቤት አውጣኝ ብሎታል። እንግዲህ ስትደውል የአሠሪዋን ስም፣ ያለችበትን ከተማና የላካትን ኤጀንሲ ጽፈን እንያዝ፤ ወደ ኤምባሲውም እናመልክት። አንድ መዝሙርም በድምፃችን ቀድተን እንላክላት፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንባ ድምፁን ቀንሳ የምታዳምጠው ስለ ሆነ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ።