ሳተላይት ሬዲዮው እምቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ትራክ የሚነዳ ሰው ኤፍኤም ከከተማ ወጣ ሲል እንደሚጠፋ ያውቃል። በሳተላይት የሚያሰራጨው ባለ ክፍያ ሬዲዮ፣ ሲሪየስ ኤክስኤም ግን፣ ከሜሪላንድ እስከ ካሊፎርኒያ ቻናል ሳያስቀይር ያደርሳል። መኪናችሁ ከፋብሪካ ይዞት ካልመጣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መቀበያ ነው፤ እንደ ኦኒክስ ያለ። ሁለተኛው የመኪናውን ቴፕ ሳተላይት በሚቀበል ቴፕ ቀይሮ፣ ከኋላው ኤስኤክስቪ300 የሚባለውን ሳጥን መሰካት ነው። የሁለቱም ችግር ይመሳሰላል።

ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት መኪናውን ዛፍም ፎቅም የማይጋርደው ሜዳ ላይ አቁሙና ቻናል 1ን ክፈቱ። ይሄ ክፍያ ላልተከፈለበት ሬዲዮም ክፍት የሆነ ማስተዋወቂያ ቻናል ነው። እሱ ከተሰማና ሌሎቹ ዝም ካሉ ጉዳዩ የደንበኝነት ነው፤ መኪናውን አትፍቱት። እሱም ካልተሰማ ችግሩ መኪናው ላይ ስለሆነ ለኩባንያው ደውሎ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው።

«ቼክ አንቴና» የሚል ጽሑፍ ይመጣል

ይሄ የሽቦ ችግር እንጂ የሰማይ ችግር አይደለም። አንቴናው ውስጥ ትንሽ ማጉያ አለ፤ ኮረንቲ የሚያገኘው ከሬዲዮው በዚያው ገመድ ነው። ሬዲዮው መስመሩ መቋረጡን ወይም መነካካቱን ሲያውቅ ይህን ይጽፋል። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ግፉት። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ካላለቀ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱ። የበር ጎማ ስር የተጨፈለቀ፣ የወንበር ብሎን የነከሰው ወይም በሹል የታጠፈ ቦታ ፈልጉ። የተቆረጠውን በስኮች ጠቅልሎ መቀጠል እዚህ አይሠራም፤ ይህ ገመድ እንደ ተራ የመብራት ሽቦ አይደለም። አንቴናውን ከነገመዱ ቀይሩት። ገመዱ ከረዘመባችሁም አትቁረጡት፤ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ምንጣፍ ስር አስቀምጡት።

«ኖ ሲግናል» ወይም «አኳየሪንግ ሲግናል» ላይ ተቸክሎ ይቀራል

እዚህ ሽቦው ደህና ነው፤ አንቴናው ግን ሰማዩን አያይም። ሞገዱ 2.3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ብረትና ኮንክሪት አያሳልፉትም፤ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ቅጠልም ያዳክመዋል። ሳተላይቶቹ ያሉት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ላለ ሰው በደቡብ በኩል ናቸው። ፎቁ ከመኪናችሁ በስተደቡብ ከሆነ ሲግናል ይከለክላል፤ በስተሰሜን ከሆነ ግን ምንም አያደርግም። ይህን የሚያውቅ ሰው ተራ ሲጠብቅ የት እንደሚቆም ይመርጣል።

የአንቴናው ቦታ ጣሪያው ላይ ነው። ዳሽቦርድ ውስጥ የደበቀ ሰው አንዳንዴ ይሠራለታል፣ አንዳንዴ አይሠራለትም፤ እኔ አልመክረውም። ከስሩ ያለው ላሜራ አቀባበሉን ስለሚረዳ ከጣሪያው ጠርዝ ገባ አድርጉት። ከዕቃ መጫኛው ብረት ራቅ ይበል። ታክሲ የምትነዱ ከሆነ ጣሪያው ላይ ያለው የታክሲ መብራት ራሱ ይጋርዳል፤ አንቴናውን አጠገቡ አትለጥፉት። ክረምት ላይ በረዶው ከላዩ ይጠረግ።

ማግኔቱ አልይዝ ካለ ጣሪያው ብረት አይደለም ማለት ነው። ፎርድ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ነው፤ መስታወት ጣሪያ ያላቸውም መኪናዎች አሉ። በማጣበቂያ የሚለጠፍ የብረት ሳህን ገዝታችሁ አንቴናውን እሱ ላይ አስቀምጡ።

ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ዝም ካለ የሚጠገን ነገር የለም። ድልድይ ስር ሲያልፍ የማይቋረጠው ሬዲዮው ጥቂት ሰከንድ አስቀድሞ ስለሚያጠራቅም ነው። ትልልቅ ከተሞች ውስጥም መሬት ላይ የተተከሉ አጋዥ ማሰራጫዎች አሉ።

ቻናል 1 ይሰማል፣ ሌላው የለም

ቻናል 0 ላይ ስትሄዱ የሬዲዮው አይዲ (መለያው) ይወጣል። እሱን ለኩባንያው ስትሰጡ ተጠንቀቁ፦ አይዲው ውስጥ አይ፣ ኦ፣ ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች በፍጹም አይገቡም። ኦ የሚመስለው ሁሉ ዜሮ ነው፤ ኤስ የሚመስለው አምስት ነው። ስልክ ላይ ሲነገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ከዚያ የማደሻ ሲግናል እንዲልኩ ጠይቁ። ሲላክ መኪናው ውጭ ይቁም፣ ሬዲዮው ሳተላይት ላይ እንደተከፈተ ይቆይ፣ እስኪከፍት አታጥፉት። ያገለገለ መቀበያ ከሰው ከገዛችሁ አይዲው አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከእሱ ስም አስነሱት።

ይሠራል፣ ግን ድምፁ ያስጠላል

አብዛኛው ቅሬታ ይሄ ነው። ጥፋቱ ግን የሳተላይቱ ሳይሆን፣ ድምፁ ከመቀበያው ወደ ቴፑ የሚሄድበት መንገድ ነው።

መቀበያው ድምፁን በባዶ የኤፍኤም ቁጥር ወደ ቴፑ የሚያሰራጭ ከሆነ የሚልከው በጣም ደካማ ሞገድ ነው፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። እውነተኛ ጣቢያ ሲመጣ ይውጠዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ባዶ የነበረ ቁጥር ባልቲሞር ስትደርሱ ሰው ይዞት ታገኛላችሁ። እየቀያየሩ መንዳት ደግሞ አደጋ ነው። ቴፓችሁ የኦክስ ቀዳዳ (ከሌላ ዕቃ ድምፅ በገመድ የሚቀበልበት) ካለው በአንድ ገመድ ተገላገሉት። ከሌለው፣ ቴፑን ፈታ አድርጎ ከኤፍኤም አንቴናው መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ማያያዣ ይገጠማል። ካሴት ያለው አሮጌ መኪና ካላችሁ አትናቁት፤ የካሴት ማገናኛው ከኤፍኤሙ ይሻላል።

ቤንዚን ስትረግጡ አብሮ ከፍ የሚል «ዊይይ» የሚል ድምፅ ካለ የግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) ችግር ነው። ሬዲዮው ኮረንቲውን ከላይተር መሰኪያ ይወስዳል፣ በኦክስ ደግሞ ከቴፑ ጋር ይገናኛል። ኔጌቲቩ ሁለት መንገድ ሲያገኝ የዲናሞው ጩኸት በዚያ ይገባል። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ ኦክሱን ከመቀበያው በኩል ብቻ ንቀሉት፤ ዊይታው ከጠፋ አገኛችሁት። ኦክሱ ላይ የሚገባ ትንሽ የግራውንድ ማጣሪያ ይሸጣል። ቴፕ ለገጠመ ሰው ግን ዋናው መፍትሄ ጥቁሩን ሽቦ ቀለሙ የተፋቀ ንጹህ ብረት ላይ በደንብ ማሰር ነው።

ከሞተሩ ጋር የማይጨምር ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» ከሆነ ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀርና ዳሽካም ጠርጥሩ። አንድ በአንድ ነቅላችሁ አዳምጡ።

ጠዋት መኪናው አይነሳም

አንዳንድ መኪና ላይ የላይተር መሰኪያው ቁልፍ ከወጣም በኋላ ኮረንቲ ይሰጣል። ሬዲዮው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጠባ ያድራል። ቁልፉን አውጥታችሁ ትንሽ ጠብቁና ስክሪኑን እዩ። አሁንም ከበራ፣ ከቁልፉ ጋር የሚጠፋ ፊውዝ በቴስተር ፈልጉና ከዚያ ውሰዱ። ቴፕ ላይ ደግሞ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኮረንቲ ማግኘት አለባቸው። ከተገለባበጡ ያስቀመጣችኋቸው ቻናሎች በየቀኑ ይጠፋሉ።

የ«ሳት» (የሳተላይት) ቁልፍ አለ፣ ምንም የለም

ቻናል 0 ላይ አይዲ ካልወጣ መቀበያው አልተገጠመም ማለት ሊሆን ይችላል። ቁልፉና ጣሪያው ላይ ያለው የሻርክ ክንፍ ብቻ ማስረጃ አይሆኑም፤ ክንፉ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ የተጫነ መኪና ላይ ግን ሁሉም ቢገጠም አይሠራም፤ ሳተላይቶቹ የሚያበሩት ወደ ሰሜን አሜሪካ ነው። ለአፍሪካ የራሷ ሳተላይት ሬዲዮ ነበራት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ኖህ ሳማራ የመሠረተው ወርልድስፔስ የተባለው ኩባንያ አፍሪስታር የሚባለውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1998 አምጥቆ ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በዚያ ቁልፍ ላይ ብር አታውጡ። የአሜሪካው ቴፕ ሸገር 102.1ንም ኤፍኤም አዲስ 97.1ንም ያለ ምንም ማስተካከያ ይይዛል። ጣቢያዎቹን ያለመያዝ ችግር ያለው ከጃፓን የመጣው ቴፕ ላይ ነው፤ እዚያ አገር ኤፍኤም ከ76 ጀምሮ ቀድሞ ስለሚያልቅ ብዙዎቹ እስከዚያ ድረስ አይደርሱም፣ የሞገድ መቀየሪያ ይፈልጋሉ።