ክፍልፋይ ለሚያምታታቸው ልጆች፦ አንድ ሲኒና ቆሎ

4 ከ2 ስለሚበልጥ ብዙ ልጆች 1/4ም ከ1/2 የሚበልጥ ይመስላቸዋል። መክሰስ ስትሠሩ መስፈሪያው አንድ የቡና ሲኒ ብቻ ይሁን። ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ 4 ሲኒ ውሃ ጨምራችሁ የደረሰበትን አስምሩ፤ «አንድ ሙሉ» እሱ ነው። ብርጭቆውን አድርቁና ልጁ ራሱ የተቆላ ሽምብራ 1/2፣ ገብስ 1/4፣ ኦቾሎኒ 1/4 ይስፈር። ሙሉው 4 ሲኒ ስለሆነ ግማሹ ሁለት፣ ሩቡ አንድ መሆኑን በእጁ ያየዋል። ስኳር ያልተጨመረበት፣ ፕሮቲን ያለው መክሰስም ይተርፈዋል።

ሲኒው እንዳይቆለል አፉን በቢላ ጀርባ ጥረጉት። ብርጭቆውን አትነቅንቁት፤ ገብሱ በሽምብራው መሃል እየገባ ከመስመሩ ዝቅ ይልና ልጁ ሒሳቡ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ከ5 ዓመት በታች ላሉ ቆሎና ኦቾሎኒ ስለሚያንቅ ለስላሳ ሙዝ ግማሽና ሩብ እያላችሁ ቁረጡላቸው። የኦቾሎኒ አለርጂ ካለ በሱፍ ይተካ።