ፍርድ ቤት ስትሄዱ ማንን ምን ትጠይቃላችሁ?

አክስቴ በቤት ኪራይ ጉዳይ ተከሳ ፍርድ ቤት ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። የከፈለችባቸውን ደረሰኞች በፌስታል ቋጥራ ይዛለች። ኮሪደሩ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ጠጋ አለና "እማማ፣ ምን ገጥሞዎት ነው?" ብሎ በትሕትና ጠየቃት። እሷም ደግ ሰው አገኘሁ ብላ ሁሉንም አጫወተችው፤ የየትኛው ወር ደረሰኝ እንደጠፋባት ሳይቀር። ሰውየው የከሳሽ ጠበቃ ነበር። ችሎት ገብተን መጀመሪያ የተነሳው ያ የጠፋ ደረሰኝ ሆነ።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ጠበቃ ወገን አለው። የሌላው ወገን ጠበቃ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ሰላም በሉት፣ ስለ ጉዳዩ ግን አንድም ቃል አትተንፍሱ። ለራሳችሁ ጠበቃ ደግሞ ምንም አትደብቁ። የሚያሳፍረውንም፣ የሚጎዳችሁንም ንገሩት። ምስጢራችሁን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ የደበቃችሁትን ነገር ችሎት ላይ ከተቃራኒው አፍ ከሰማው ግን ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቁ። በፌዴራል ደረጃ ጥብቅናን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ መብታችሁ እንጂ ስድብ አይደለም። የክፍያ ስምምነታችሁም በጽሑፍ ይሁን። በር ላይ ቆሞ "ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ እኔ እጨርስላችኋለሁ" የሚላችሁ ሰው ካለ ግን ጥላችሁት እለፉ።

ብዙ ሰው ዐቃቤ ሕግን የተበዳይ ጠበቃ ያደርገዋል። አይደለም። የወንጀል ክስ የሚያቀርበው በመንግሥት ስም ነው። ስልካችሁ ተሰርቆ ሌባው ቢከሰስ፣ እናንተ የግል ተበዳይና ምስክር ናችሁ። ተከሳሹ እናንተ ከሆናችሁና ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ለዳኛው "አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ" በሉ። ጠበቃ በማጣት ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ካለ መንግሥት እንዲያቆምላችሁ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይፈቅድላችኋል።

ዳኛው የማንም አይደለም። ቢሮው ሄዳችሁ "አንድ ነገር ላስረዳዎት" ማለት አይቻልም፤ የምትሉት ካለ በማመልከቻ ወይም ችሎት ላይ፣ ሌላው ወገን ባለበት ነው። ስትናገሩ ቁሙ፣ "ክቡር ፍርድ ቤት" በሉ፣ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ዳኛው ማስረጃ ፈልጎ ያመጣልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰነዶቻችሁንና ምስክሮቻችሁን ዘርዝራችሁ ከክሱ ወይም ከመከላከያ መልሱ ጋር የምታያይዙት እናንተ ናችሁ። አክስቴ ከነፌስታሉ ችሎት ፊት ቆማ "ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ" ስትል ዳኛዋ በትዕግሥት "እማማ፣ ከመልስዎ ጋር መያያዝ ነበረበት" አሏት። ዳኛው የሌላው ወገን ዘመድ ከሆነ ደግሞ ከጉዳዩ እንዲነሳላችሁ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ።

መዝገብ ቤትና ሬጅስትራር ጋ ፋይል ይከፈታል፣ ሰነድ ገቢ ይደረጋል፣ መጥሪያ ይወጣል፣ ግልባጭ ይሰጣል። ቀጠሯችሁ መቼ እንደሆነና በየትኛው ችሎት እንደሚታይ ጠይቋቸው። "እናሸንፋለን ወይ?" ግን አትበሏቸው፤ የሕግ ምክር መስጠት ሥራቸው አይደለም። የመዝገብ ቁጥራችሁን ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉት። ያለ ቁጥር መስኮቱ ጋ መድረስ የግማሽ ቀን ኪሳራ ነው። የዳኝነት ክፍያ የከፈላችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ፣ ከረታችሁ ወጪ ስትጠይቁ ይፈለጋል።

ችሎት አስተናባሪውን ጠዋት ሄዳችሁ ተዋወቁት። በር ላይ ስም የሚጠራው እሱ ነው። ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ወጥታችሁ ስማችሁ ቢጠራና ባትገኙ፣ ከሳሽ ከሆናችሁ መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሽ ከሆናችሁ ክሱ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። መውጣት ካለባችሁ አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁምላችሁ።

ውጭ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለቀላል ነገር ይጠቅማሉ፤ ለምሳሌ ግልባጭ ለመጠየቅ። ክስ ግን የሕግ ባለሙያ ቢያየው ይሻላል። አንድ ጊዜ በተበላሸ ክስ ምክንያት ወራት ይባክናሉ።

ፍርድ ሲሰጥ ግልባጩን ቶሎ አውጡ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው፣ መቁጠር የሚጀምረውም ከፍርዱ ነው እንጂ ግልባጩ እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። ከረታችሁና ተሸናፊው በፈቃዱ አልከፍልም ካለ ደግሞ ያው ዳኛ ጠርቶ ያስከፍለኛል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ግልባጩን ይዛችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታላችሁ፣ የተሸናፊውን ንብረት ወይም የባንክ ሒሳብ ማወቅና መጠቆምም የእናንተ ሥራ ነው።