ከቆላ የመጣች ሞተር ጎንደር ላይ ጥቁር ስታጨስ

ከመተማ ያመጣኋት አሮጌ ሞተር ሳይክል ከአዘዞ ወደ ጎንደር ዳገቱን ስትጀምር ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጉልበቷም ይከዳታል። አሁን ድናለች፤ ለሚቸገር ሰው እንዲጠቅም ልጻፈው።

የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) አጸዳሁ፤ ለውጥ የለም። ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስፈታው ደረቅ ጥላሸት ለብሷል። ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። መተማ ቆላ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ቤንዚን ያበዛል።

ካንዴላ ማየትን የተማርኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። በ1970ዎቹ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከአንዱ የሰሊጥ እርሻ ወደ ሌላው በሞተር መለዋወጫ አመላልስ ነበር። ክረምት ሲገባ የመረሬው ጭቃ ጎማውና ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ የፊቱን ፓራፋንጎ ፈትተን ነበር የምንነዳው። እንዴት ያለ ዘመን ነበር! ሱዳናዊው መካኒካችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌላ ነገር ሳይነካ «ካንዴላውን አሳየኝ» ይል ነበር።

ወደ ሥራው ልመለስ። ካርቡሬተሩን ከፍቼ ነዳጁን የሚመጥነውን መርፌ አወጣሁ። አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ሳደርጋት መርፌው ዝቅ ብሎ የነዳጁን መንገድ ያጠብባል። ዋናውን ጂግለርም (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን) ቁጥሩ በሚያንስ፣ ማለትም ቀዳዳው በሚጠብ፣ ቀየርኩት። ጭሱ ጠፋ፣ ካንዴላውም ቡኒ ሆነ።

ወደ መተማ ተመልሶ የሚወርድ ሰው ግን ሁለቱንም ወደ ቀድሞው ይመልስ፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር በዚያ ሙቀት ፒስተን ያቃጥላል።